ወጣቱን ወደ ፖሊስነት የሚስበው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የ20 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። ሌላ መስክ ለመማር የሚያበቃ ውጤት እያለው ፖሊስ ለመሆን ሊመዘገብ ነው። ለምን ስለው ‹ሰው መርዳት እፈልጋለሁ› ይለኛል፤ እናታችን ግን ‹የሳበው ደንብ ልብሱና መሣሪያው ነው› ትላለች። ወጣቶችን ወደዚህ ሙያ በእርግጥ የሚስባቸው ምንድን ነው? የእርሱ ምክንያት ደህና መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? መነጽር ማድረጉ ያግደው እንደሆነም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣

ወንድምዎም እናትዎም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ወጣት ልብ ውስጥ አብረው ማደራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ አመልካቾችን በሚፈትን ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ፤ ከዚያም ምልምሎችን በማሠልጠን ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በቃለ መጠይቁ የምናነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን ሙያ ለምን መረጥህ?» የሚል ሲሆን፣ የምናገኘው መልስም በአብዛኛው ወንድምዎ የሰጠዎት ያው መልስ ነበር። መልሱ ሐሰት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ችግሩ ሁሉም የሚለው በመሆኑ አንዱን አመልካች ከሌላው ለመለየት አለማገልገሉ ነው።

በመስኩ የተካሄዱ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ከተማ የፖሊስ አካዳሚ የገቡ 278 ምልምሎችን ወደ ሙያው ያመጣቸውን ምክንያት ጠይቆ ነበር። በግንባር ቀደምትነት የተጠቀሱት ሰውን የመርዳት ዕድል፣ የሥራ ዋስትና እና ከሥራው ጋር የሚመጡት ጥቅማ ጥቅሞች ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ትኩረቴን የሳበው ግን ወንዶችና ሴቶች፣ ነጮችና ጥቁሮች የሰጧቸው ምክንያቶች በእጅጉ መቀራረባቸው ነው። ጥናቱን ካካሄዱት ተመራማሪዎች አንዱ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከስድስት ዓመት የመንገድ ላይ አገልግሎት በኋላ መኮንኖቹን እንደገና ጠይቋቸዋል፤ ምክንያቶቻቸው ብዙም ሳይለወጡ ተገኝተዋል። በሥራቸው ያልረኩት ደግሞ በአመዛኙ የመጡበት ምክንያት ሳይሟላላቸው የቀሩት ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ቁልፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሊመረመር የሚገባው ወንድምዎ የጠቀሰው ምክንያት የተቀደሰ ወይም የረከሰ መሆኑ ሳይሆን፣ የፖሊስ ሥራ የዘወትር ውሎ ያንን ምክንያት ሊያጠግበው መቻሉ ነው።

«ሰው መርዳት» የሚለውን ሐረግ ጠጋ ብሎ ላየው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ፍላጎቶችን አዝሎ ይገኛል። አንዱ ወጣት የሚያስበው ማዳንን ነው፤ ከእሳት ውስጥ ሕፃን ማውጣት፣ ከአጥቂ እጅ ሰው ማስጣል። ሌላው የሚያስበው ፍትሕን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ወይም ሰፈሩ ውስጥ ግፍ አይቷል፣ የበደለውም ሰው ሳይጠየቅ ቀርቷል፣ ስለዚህ ቀጪው እጅ መሆን ይፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ የሚያስበው ተፈላጊነትን ነው፤ ሰው በጭንቅ ጊዜ ስሙን የሚጠራው፣ ሲመጣ «እፎይ» የሚባልለት ሰው መሆን ያምረዋል። ሦስቱም የሚያስወቅሱ አይደሉም። ሆኖም የመጀመሪያው ዓይነት ወጣት ማዳን የሚባል ነገር በወራት አንዴ እንኳ ላይገጥመው ይችላልና ቶሎ ይሰለቻል። ሁለተኛው፣ ለወራት የደከመበት መዝገብ በማስረጃ እጥረት ፍርድ ቤት ሲዘጋው ይመርረዋል፤ በኮሚቴው ውስጥ አጥብቀን እንፈትነው የነበረውም ይህን ዓይነቱን ነው፣ ልቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ቁጣው እጁን ሊያበላሽበት ስለሚችል። ሦስተኛው ሰው የማያመሰግነው ቀን ከሚያመሰግነው ቀን እንደሚበልጥ ሲያውቅ ይከፋዋል።

አንድ ጊዜ ለፈተና የቀረበች ወጣት አመልካች ትዝ ትለኛለች። ለምን እንደመጣች ስንጠይቃት ስለ ጀግንነት አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በ12 ዓመቷ አያቷ ቤት ሌባ ገብቶ እንደነበር፣ የመጣው ፖሊስም በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ የአያቷን ቃል እንደተቀበለ ነገረችን። አሮጊቷ ነገሩን እያምታቱ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ሲጀምሩለት ሰውየው አላቋረጣቸውም፤ ሲጨርሱ የጻፈውን ከዳር እስከ ዳር አነበበላቸው፤ «አይ፣ ይህን እንኳ አላልሁም» ያሉትን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ፣ ስርዙ ላይ እንዲፈርሙ ጠየቃቸው። የተሰረቀው ዕቃ አልተገኘም። «አያቴ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳት» ብላ ዝም አለች። ከእኔ ጎን የተቀመጠው አንጋፋ መርማሪ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና ሲል አየሁት። ይህች ልጅ ሙያው ምን እንደሚመስል አውቃ ነበር የመጣችው። ሌባውን ስለመያዝ ሳይሆን፣ ቃል ስለመቀበል አወራችን።

ደመወዝን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። አንዳንድ ፈታኞች «የመጣሁት ቋሚ ገቢ ስለሆነ ነው» የሚል አመልካች ሲያጋጥማቸው ወዲያው ነጥብ ይቀንሱበታል፤ እኔ ይህን አግባብ ነው ብዬ ተቀብዬ አላውቅም። ዘመናዊው የፖሊስ አገልግሎት ራሱ የተጀመረው በቋሚ ደመወዝ ፈላጊዎች ነው። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ለተራው ኮንስታብል የተቆረጠለት ክፍያ በሳምንት 21 ሽልንግ ነበር፤ ከዚያም ላይ ተቀናሽ ነበረበት። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ በመሆኑ በቀን ሥራ የሚኖረውን ሰው መሳቡ አልቀረም። ብቻውን ሊያቆየው ግን አልቻለም። ቁጥር 1 የሚለውን መለያ የተቀበለው የመጀመሪያው ኮንስታብል ሥራ በጀመረበት ዕለት ሰክሮ በመገኘቱ ተባረረ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከመጀመሪያዎቹ ምልምሎች አብዛኞቹ ወይ ተሰናብተዋል ወይ ራሳቸው ለቀዋል። ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ የኒው ዮርክ ፖሊስ በሌላ ጊዜ ወደ እርሱ ዘወር ብለው የማያዩ ኮሌጅ የጨረሱ ወጣቶችን በብዛት አገኘ። ያመጣቸው የሥራ ማጣት ፍርሃት ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ግን በኋላ ያንን መሥሪያ ቤት የመሩና ያሻሻሉ ሰዎች ወጥተዋል። እኔ ራሴ በሥልጠና እንዳየሁት፣ ለቤተሰቡ እንጀራ ብሎ የመጣና ይህንንም ሳያፍር የሚናገር ምልምል፣ ለጀብዱ ከመጣው ይልቅ ሰዓት ያከብራል፣ መዝገቡን ያሟላል፣ ሥራውን ላለማጣት ሲልም እጁን ይሰበስባል። ጡረታውን የሚያስብ ሰው ጉቦ ከመቀበሉ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ይህ ግን የሚሠራው ደመወዙ በእርግጥ የሚያኖር ሲሆን ብቻ ነው፤ የማያኖር ደመወዝ ለዚያው ሰው የተገላቢጦሽ ይሆንበታል።

አሁን ወደ እናትዎ ጥርጣሬ እንምጣ። ደንብ ልብስ ይስባል፤ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ወጣቱ በደንብ ልብሱ ውስጥ የሚያየው ሁልጊዜ ሥልጣንን ብቻ አይደለም። በ20 ዓመት ዕድሜ ያለ ሰው «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ ገና አልመለሰም፤ ደንብ ልብሱ ደግሞ ይህን ጥያቄ በአንድ ጠዋት ይመልስለታል። ስም ይሰጠዋል፣ ማዕረግ ይሰጠዋል፣ ከእርሱ ጎን የሚቆሙ ጓዶች ይሰጠዋል፣ የዛሬ አሥር ዓመት የት እንደሚደርስ የሚያሳይ መሰላል ይዘረጋለታል። ብቸኝነት የበዛበት ወጣት ይህን የመሰለ ቤት ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሠልጣኞች ስለ ሥልጠና ዘመናቸው ሲያወሩ ከሕግ ትምህርቱ ይልቅ አብረዋቸው ያደሩትን የክፍል ጓዶቻቸውን የሚያነሡት ለዚህ ይመስለኛል።

ሥልጣን ወዳዶች ናቸው ወደ ፖሊስ የሚጎርፉት የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ይህን ጉዳይ በቅርበት ከመረመሩት አንዱ አርተር ኒደርሆፈር ነው። ሰውየው በኒው ዮርክ ፖሊስ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሎ ከወጣ በኋላ የሶሺዮሎጂ ምሁር የሆነ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሥራው የበላይነት ጠባይ በአመዛኙ ምልምሉ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ሳይሆን ሥራው ውስጥ ገብቶ የሚያድርበት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል። የእኔ ልምድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለማዘዝ ብቻ የመጣ ሰው የለም አልልም፤ አለ፤ እንዲህ ያለውንም ለመለየት ያን ያህል አይከብድም። ስለ ታናናሾቹ፣ ስለ ቀድሞ አስተማሪዎቹ፣ ስለ ተሸነፈበት ጨዋታ ሲጠየቅ ሌላው ሁሉ ጥፋተኛ፣ እርሱ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። መሣሪያ መውደዱ ብቻውን ግን ብዙ አይነግረኝም፤ በዚህ ዕድሜ መሣሪያ የማይወድ ወንድ ልጅ ብርቅ ነው። ይልቅ ያሳስበኝ የነበረው በቃለ መጠይቁ መሣሪያውን ሳንጠይቀው ራሱ የሚያነሣ አመልካች ነበር።

የፖሊስ ሥራን አብዛኛው ወጣት የሚያውቀው ከስክሪን ነው። እዚያ ወንጀሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይፈጸማል፣ ማሳደዱ ይቀጥላል፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ወንጀለኛው ይያዛል። በእውነተኛው ፈረቃ ላይ ግን ማሳደድ እምብዛም አይገኝም። ተረኛው መኮንን በአንድ ፈረቃ የሚያጋጥመው የጎረቤታሞች የአጥር ጠብ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሰካራም፣ ከቤት የጠፋ ሽማግሌ፣ ተጋጭተው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚጨቃጨቁ ሁለት ሾፌሮች፣ ልጇ አልታዘዝ ያላት እናት፣ እንዲሁም የሥነ አእምሮ ሕመም ተነሥቶበት ጎዳና ላይ የሚጮህ ሰው ነው። ኢጎን ቢትነር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጻፋቸው ሥራዎች የፖሊስን ምንነት ሲያብራራ ያነሣው ነጥብ ዛሬም ድረስ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም። በእርሱ አስተያየት ሰዎች ፖሊስ የሚጠሩት መሆን የሌለበት ነገር እየሆነ እንደሆነና አንድ ሰው አሁኑኑ አንድ ነገር ሊያደርግበት እንደሚገባ ሲሰማቸው ነው፤ ነገሩ ወንጀል መሆኑ ወይም አለመሆኑ በዚያች ሰዓት ማንንም አያስጨንቅም። ይህን የሰማ ወጣት «ታዲያ ይህ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ አይደለም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከፊሉ እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ አስፈላጊ ሲሆን በኃይል የመጠቀም ሕጋዊ ሥልጣን ያለው ፖሊሱ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ጽሕፈቱ አለ። የአንድ ሰዓት ክስተት ለሁለት ሰዓት ይጻፋል። የተበዳይ ቃል፣ የምስክር ቃል፣ የተጠርጣሪ ቃል፣ የተያዘ ዕቃ ዝርዝር፣ የሰዓቱና የቦታው ሁኔታ፤ ይህ ሁሉ ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕግ እጅ ገብቶ እያንዳንዱ ቃል ይመረመራል፤ ተከላካይ ጠበቃው ደግሞ በሰዓቱ አጻጻፍ ላይ የሰፈረችውን አንዲት ስሕተት ይዞ ምርመራውን ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ሊከተው ይችላል። በሥልጠና ዘመኔ ከሁሉም በላይ ምልምሎችን ያስደነቃቸው ተኩስ ወይም ሩጫ ሳይሆን ይህ ነበር። «እኔ ከትምህርት ቤት የሸሸሁት እኮ ድርሰት ጠልቼ ነው» ያለኝን ልጅ አልረሳውም፤ ከዓመት በኋላ በጣቢያው ውስጥ ምርጥ ሪፖርት ጸሐፊ ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቀው አንድ መዝገቡ በመስቀለኛ ጥያቄ ተበጣጥሶ ሲወድቅ በዓይኑ አይቶ እንደነበር ነገረኝ። ከሌሊት ፈረቃው ጋርም መተዋወቅ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃ ሥራን በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ ይህን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ በማስታወቂያዎች ላይ ስለማይጻፍ ነው የማነሣው።

የቤተሰብ ተጽዕኖ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ አባቱ ወይም አጎቱ ፖሊስ የሆነ ልጅ ሙያውን ከነድካሙ ስለሚያውቀው በአብዛኛው ሳይደነግጥ ይቆያል። የእናንተ ቤት እንደዚያ ካልሆነ ወንድምዎ ያንን ዕውቀት ከሌላ ቦታ ማግኘት ይኖርበታል፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

መልማዮች ራሳቸው ወጣቱን በምን እንደሚስቡት ማወቅም ይጠቅማል፤ የሚመጣው ሰው ዓይነት ከተጠራበት ቃል ጋር የተያያዘ ነውና። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በምትገኘው ቻተኑጋ ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የመስክ ሙከራ አለ፤ ሙከራውን የመራችው ተመራማሪ ኤሊዛቤት ሊኖስ ናት። ከ20,000 በላይ ነዋሪዎች የተካተቱበት ሲሆን፣ ለከፊሎቹ ፖሊስ እንዲሆኑ የሚጋብዝ ፖስት ካርድ ተላከላቸው። ካርዶቹ መልካቸው አንድ ሆኖ በላያቸው የሰፈረው መልእክት ይለያይ ነበር። አንዱ ስለ አገልግሎት ያወራል፣ አንዱ ሥራው ፈታኝ መሆኑን አንሥቶ «ትችለዋለህ ወይ?» በሚል መንፈስ ይጠይቃል፣ ሌላው ደግሞ ስለ ዘላቂ ሙያ ይናገራል። ሁላችንም እንሠራበታለን ብለን የምናስበው የአገልግሎት መልእክት ምንም ካርድ ካልደረሳቸው ሰዎች የበለጠ አመልካች አላመጣም። ስለ ፈተናውና ስለ ዘላቂ ሙያው የሚናገሩት ግን የማመልከት ዕድልን ወደ ሦስት እጥፍ አሳደጉት፤ በተለይም በሴቶችና ነጭ ባልሆኑ ነዋሪዎች ላይ ውጤታቸው የጎላ ነበር። ይህ ሰው አገልግሎትን አይወድም ማለት አይደለም። በአገልግሎት ቃል የሚሳበው ሰው ድሮውንም ሊያመለክት ያሰበው ነው፤ አዲሱን ሰው የሚያስነሣው ሌላ ቃል ነው። የወንድምዎ «ሰው መርዳት» ከነፍሱ የወጣ መሆኑን ባልጠራጠርም፣ ከኋላው «እችለው ይሆን?» የሚል ራስን የመፈተን ጉጉት ሊኖር እንደሚችል የምገምተው ከዚህ ተነሥቼ ነው። በ20 ዓመት ወጣት ዘንድ ይህ ጤናማ ጉጉት ነው።

የኒው ዚላንድ ፖሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ለየት ያለ መንገድ ሞክሯል። አንድ ልጅ በመንገድ ዳር የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ምግብ ሲፈልግ የሚያስመስል ትዕይንት ተዘጋጅቶ፣ በስውር ካሜራ ማን ቆሞ እንደሚያናግረው ተቀረጸ። ብዙው ሰው እያየ ያልፋል፤ ጥቂቶች ቆመው ያነጋግሩታል። ማስታወቂያው እነዚያን የሚቆሙትን ሰዎች ነበር የፈለገው። በሌላ በኩል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ፣ ጭስና አውቶማቲክ መሣሪያ በፈጣን ሙዚቃ ታጅቦ የሚታይባቸው የምልመላ ፊልሞችም አሉ። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያወጣ መሥሪያ ቤት በኋላ ምልምሎቹ ጠብ ሲያበርዱ ትዕግሥት አጡ ብሎ ቢያማርር እኔ አላዝንለትም። ወንድምዎ ሊመዘገብበት ያሰበው ተቋም ራሱን እንዴት እንደሚያስተዋውቅ አብራችሁ ተመልከቱ።

ስለ መስሕብ ስናወራ የሚያርቀውንም መዘንጋት አይገባም። በአሜሪካ የፖሊስ ኃላፊዎች የምርምር መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከተጠየቁት መሥሪያ ቤቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት አምስት ዓመታት የአመልካቾቻቸው ቁጥር መቀነሱን ተናግረዋል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን ወጣቱ ዘወትር በስልኩ የሚያየው የፖሊስ በደል አንዱ ነው። ሙያው በሕዝብ ዘንድ ሲከበር ማመልከት ቀላል ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት ኖርዌይና ፊንላንድ ናቸው፤ በሁለቱም አገሮች ፖሊስ ለመሆን ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ የዲግሪ ትምህርት መማር ግድ ሲሆን፣ ሕዝቡም በፖሊሱ ላይ ያለው እምነት ከፍተኛ ነው፤ ለመግባት የሚወዳደሩትም ከሚፈለገው ቁጥር በብዙ ይበልጣሉ። መግቢያው መጥበቡ ራሱ መስሕብ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ መመዘኛው ሲቀንስ አመልካች ይበዛል ብሎ ያምናል። ለአንድ ወቅት ሊበዛ ይችላል፤ ማንም የሚገባበት በር መሆኑ ሲታወቅ ግን ራሱን የሚያከብር ወጣት መቅረቡ አይቀርም።

እንግዲህ የወንድምዎን ምክንያት እንዴት ይመዝኑታል? በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ግለት ብቻውን ጥሩ ምልክት አይደለም። ጆን ቫን ማነን የተባለ ተመራማሪ ከምልምሎች ጋር አብሮ ሠልጥኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች፣ አዲሶቹ ፖሊሶች በከፍተኛ ተነሣሽነት እንደሚገቡና ያ ተነሣሽነት በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት እንደሚወርድ አሳይቷል። የሚገርመው ግን አለቆቻቸው የተሻሉ ፖሊሶች ብለው የመዘኗቸው ተነሣሽነታቸው ዝቅ ያለባቸውን መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የሚያሳፍር ነው፤ «ራስህን ከችግር አርቅ፣ ብዙ አትሩጥ» የሚለው የጣቢያ ባህል ትጉሁን እንደሚያደክም ያሳያልና። ከፊሉ ግን እውነት አለበት፤ የሚነደው ምልምል ብዙ ጊዜ የሚነደው ለሌለ ሥራ ነው።

ስለዚህ የሌለውን ሥራ ከአእምሮው አውጥቶ ያለውን ማሳየት ያስፈልጋል። በሠራተኛ ቅጥር ጥናት ውስጥ ጆን ዋናውስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ለስልክ ኦፕሬተርነት ለሚያመለክቱ ሰዎች የሥራውን መልካም ብቻ ሳይሆን አሰልቺ ገጽታም አስቀድሞ የሚያሳይ ፊልም ሲቀርብላቸው ምን እንደሚሆን ፈትኖ ነበር፤ አመልካቾቹ በዚህ ምክንያት አልሸሹም፤ ከተቀጠሩ በኋላ ግን ስለ መልቀቅ የሚያስቡት ጥቂቶች ሆኑ። ወንድምዎ ይህን በራሱ ሊያደርገው ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ሲቪሎች ከፓትሮል መኪና ጋር አንድ ፈረቃ እንዲውሉ ይፈቀዳል፤ ያ ከሌለ ደግሞ ችሎት ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ቦታ ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን ፍርድ ቤት ተቀምጦ፣ ፖሊሶች ሲመሰክሩና በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈተኑ ማየት ይችላል። ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ፖሊስም ያነጋግር፤ «ሥራው ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ትናንት ከገባህበት ሰዓት ጀምሮ እስክትወጣ ምን ምን ሠራህ?» ብሎ። የመጀመሪያው ጥያቄ አስተያየት ያመጣል፤ ሁለተኛው ሥራውን ያመጣል።

ከዚያ በኋላ እርስዎ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንዱ፣ እስካሁን በራሱ ፈቃድ፣ ማንም ሳያየው፣ ለማያውቀው ሰው ሲል ጊዜውን የሰጠበትን አጋጣሚ ይንገርዎ፤ ትልቅ መሆን የለበትም። ሁለተኛው፣ ሰው ያለ አግባብ ሰድቦት ዝም ያለበትን ጊዜ ይንገርዎ። እኛ በኮሚቴው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶችን ከሩጫው ውጤት አስበልጠን እናይ ነበር። «ዝም ብዬ አላውቅም፣ እኔን የሚሰድብ የለም» የሚል መልስ ከሰሙ፣ አንድ ዓመት ቢቆይ ይሻለዋል። መልሱ ከአንደበቱ ቶሎ ባይወጣም አይጨነቁ፤ ብዙ ደህና ልጆች ስለ ራሳቸው መልካም ነገር ሲጠየቁ ይጨነቃሉ።

እናትዎን በተመለከተ፣ ፍርሃታቸውን ከደንብ ልብሱ ጋር ብቻ እንዳያያዙት ቢረዱዋቸው እወዳለሁ። ብዙ ጊዜ እናቶች «መሣሪያው ነው የሳበው» ሲሉ ማለት የፈለጉት «መሣሪያው ይጎዳብኛል» ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፤ ልጁም ቢሰማው ይጠቅመዋል።

የመነጽሩ ነገር ቀላሉ ነው። የዓይን መመዘኛ ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ ሆኖም ብዙዎቹ የሚያዩት በመነጽር ወይም በሌንስ ከታረመ በኋላ ያለውን የዕይታ መጠን በመሆኑ መነጽር ማድረጉ ብቻውን አያስቀረውም። አንዳንዶች ያለ መነጽር ሊያየው የሚገባ ዝቅተኛ መጠንም ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ የሚያመለክትበትን ተቋም መመዘኛ በጽሑፍ ይጠይቅ። ብዙ አመልካች ሳያስበው የሚወድቀው በሌላ ፈተና፣ በቀለም መለየት ላይ ነው፤ ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ወንዶች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹም ይህን ሳያውቁ ነው የሚያድጉት። ምርመራው በኢሺሃራ ሰሌዳ፣ ማለትም በባለ ቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተደበቀ ቁጥር በማንበብ፣ በጥቂት ደቂቃ ይከናወናል። ለማመልከቻው ወጪ ከማውጣቱ በፊት መነጽሩን የሚሠሩለት ባለሙያ ጋ ሄዶ ይህችን አንዲት ምርመራ አስቀድሞ ያድርግ።